ተማሪዬ ባስተማረው እኔ ተመሰገንኩ

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪ፣ ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። በሙያው ላይ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አሁን የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው።

በዚህ ዓመት ኔጌቲቭ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ሳስተምር ክፍሉ ከእጄ አመለጠኝ። ደጋግሜ አስረዳሁ፣ በቁጥር መስመር አሳየሁ፣ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ፈተና ስሰጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደቁ። ከዚያ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የረሳሁትን የማርክ መያዣ ደብተር ልወስድ ወደ ክፍሉ ስመለስ የአንድ ልጅ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት ከኋላ መስመር የሚቀመጥ፣ ውጤቱ መካከለኛ፣ እንግሊዝኛው ደካማ የሆነና እጁን አውጥቶ የማያውቅ ተማሪዬ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ከበውታል።

«ከሱቅ የሠላሳ ብር ዕቃ በዱቤ ወሰድክ፤ በማግስቱ የሃምሳ ብር ጨመርክ። ስንት አለብህ?» ይላቸዋል። «ሰማንያ!» አሉ። «በቃ፣ ማይነስ ሰማንያ ነህ። አሁን ባለ ሱቁ የሃምሳውን ዕዳ ከደብተሩ ላይ ሰረዘልህ። ዕዳ ሲቀነስልህ ከሰርክ ወይስ አተረፍክ?» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ማይነስ ሰማንያ ሲቀነስ ማይነስ ሃምሳ፣ ማይነስ ሠላሳ እንደሚሆን በሁለት ደቂቃ ገባቸው። እኔ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ነገር ነው። ደወል እስኪደወል መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ ማንም አላየኝም።

በሁለተኛው ፈተና የክፍሉ ውጤት ተመነጠቀ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ፤ በጉድኝት ማዕከላችን ላሉት ትምህርት ቤቶች «ምርጥ ተሞክሮ» እንዳቀርብም ተወሰነ። ተጨበጨበ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዝምታዬ ያሳፍረኛል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ለመናገርም ይከብደኛል፣ በልጁ ቀናሁ። «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የልጆቹ ዓይን ወደ እሱ ይሄዳል። ለአንድ ባልደረባዬ ባዋየው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ነገ ስሕተት ቢያስተምራቸው ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ክፍሉንም ይቀማሃል። ዛሬውኑ አስቁመው» አለኝ። ተሞክሮውን የማቀርብበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁን ላስቁመው? ስለ ምስጋናውስ ምን ላድርግ?

ሒሳብ መምህሩ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

መምህር፣ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ የያዘኝ ስብሰባው ወይም ጭብጨባው አልነበረም። ደወል እስኪደወል መስኮቱ ሥር መቆምዎ ነው። እርስዎ እንደ ጥፋት ጻፉት እንጂ በሩን ከፍተው «በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ውጡ!» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ብዙ ሰው ይለዋል። እርስዎ ቆመው ሰሙ። የልጁን ቃል ከነቁጥሩ እስከ ዛሬ መያዝዎም የሰሙት በደንብ እንደሆነ ይነግረኛል። ስለዚህ «ምን ዓይነት መምህር ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው እንተወውና ወደ ነገሩ እንግባ።

ስለ ቅናቱ የምለው አጭር ነው። ሃያ ዓመት የለፋበትን ሥራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሁለት ደቂቃ ሲሠራው አይቶ ምንም የማይሰማው ሰው ካለ ሥራውን የማይወድ ሰው ብቻ ነው። ቅናቱ ራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ልጁን እንዲያስቆሙት፣ ወይም ሳያስቡት በፈተና ወረቀቱ ላይ እንዲጠነክሩበት፣ ወይም እጁን ባወጣ ቀን እንዳላዩት እንዲያልፉት ሲያደርግዎ ነው። እስካሁን ከእነዚህ አንዱን አድርገዋል? ደብዳቤዎ እንደዚያ አይልም።

ከቅናቱ በላይ ያሳሰበኝ የልጆቹን ዓይን የተረጎሙበት መንገድ ነው። «ገባችሁ?» ሲሉ ወደ እሱ የሚያዩት እርስዎን ንቀው ይመስልዎታል። እስቲ በእነሱ ቦታ ይሁኑና ያስቡት። አልገባኝም ለማለት የፈራ ልጅ «በእረፍት ሰዓት ይነግረናል» ብሎ ተስፋ ወዳደረገበት ቢመለከት ምን ይገርማል? ያ ዓይን የሚነግርዎ ቁም ነገር አለ፤ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄዎ መልስ እንደማያገኝ ነው። ስንቱ ተማሪ ነው በሃያ ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ስድሳ ጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» ብሎ የመለሰልዎ?

እዚህ ላይ የቋንቋውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ እርስዎ ስለ ልጁ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ብቻ ጠቅሰው አልፈውታልና። በአዲስ አበባ አንድ ልጅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ይማራል። አንድ ክረምት አልፎ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉም፣ ፈተናውም፣ የመምህሩ አንደበትም እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ መካከል ሌላ ሰው አልሆነም። እናቱ ለሽንኩርት ከሰጠችው ብር ስንት እንደሚተርፍ በጭንቅላቱ አስልቶ የሚመጣው ያ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ሥራ አለበት፤ ያልገባውን ነገር ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም እንግሊዝኛውን መፈለግ። ሁለተኛው ያቅተውና የመጀመሪያውን ውጦት ይቀመጣል። ይህን ያመጡት እርስዎ አይደሉም። ነገር ግን ልጁ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያደረገውን ልብ ይበሉ። ሒሳቡን አላቀለለውም፤ ጓደኞቹ ወደሚያስቡበት ቋንቋ መለሰላቸው እንጂ። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ተማሪ በአማርኛ ጠይቆዎት ሙሉ መልስ የሰጡት? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛው ያደረገው ነገር ዱቤው ነው፤ ይህ ደግሞ ያስደስትዎታል ብዬ እገምታለሁ። በ628 እ.ኤ.አ. ብራህማጉፕታ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ የኔጌቲቭ ቁጥሮችን አሠራር ሲደነግግ የተጠቀመባቸው ቃላት «ሀብት» እና «ዕዳ» ነበሩ። ዕዳ ከዜሮ ላይ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የነበሩ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት «ከምንም ያነሰ ቁጥር እንዴት ይኖራል?» እያሉ ሲጠራጠሩ ኖረዋል። ተማሪዎ ይህን ሁሉ ሳያነብ በሰፈር ሱቅ በኩል እዚያው ደረሰ። ይህን አንድ ቀን ቢነግሩት እንዴት ይሆን ፊቱ?

ባልደረባዎ ግን አንድ እውነት ይዘዋል፤ በቁጣ ስለተናገሩት ብቻ እንዳንጥለው። ዱቤው ሁልጊዜ መንገድ አያደርስም። በቅርቡ ወደ ማባዛት ትሄዳላችሁ። ሦስት ጊዜ ማይነስ ሁለት ቀላል ነው፤ ሦስት ቀን የሁለት የሁለት ብር ዱቤ ወሰደ፣ ስድስት አለበት። ማይነስ ሦስት ጊዜ ማይነስ ሁለትስ? ብራህማጉፕታ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት ነው ብሎ ደንግጓል፤ ብልህ ልጅ ግን «የእኔን ዕዳ በጓደኛዬ ዕዳ ባባዛው ሁለታችንም እንበለጽጋለን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እውነቱን ነው። የሁለት ብር ዕዳ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ ብሎ ማስኬድ ይቻል ይሆናል፤ ቢሆንም ተማሪዎ እዚያ ሲደርስ ወይ ይቆማል ወይ «ሕጉ ነው፣ ያዙት» ይላል።

እርስዎ የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው፣ መምህር። ሰሌዳው ላይ በመደዳ ይጻፉላቸው። ሦስት ጊዜ ማይነስ ሁለት ማይነስ ስድስት፤ ሁለት ጊዜ፣ ማይነስ አራት፤ አንድ ጊዜ፣ ማይነስ ሁለት፤ ዜሮ ጊዜ፣ ዜሮ። መልሱ በየእርምጃው ሁለት ሁለት እየጨመረ መጥቷል። ቀጥሎ ማይነስ አንድ ጊዜ ማይነስ ሁለት ሲመጣ ስንት ይሆን ብለው ዝም ይበሉ። ሁለት የሚለውን መልስ አንዱ ራሱ ያወጣዋል፤ ማን እንደሚሆን አላውቅም፣ ምናልባት ያ ልጅ ላይሆን ይችላል። ክፍሉን ተቀማሁ ብለው እንዲፈሩ ያደረገዎ ሐሳብ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚቆም አይመስለኝም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ፊደል ሲያስቆጥር ኖሯል፤ የኔታ ጉባኤዬ ተወሰደብኝ ብለው በትር አላነሡም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረትም ቢሆን የሚሠራው ሊጡን አይቶ የሚያስተካክል ትልቅ ሰው ከአጠገቡ ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ አያስቁሙት። ግን ወደ ሌላው ጫፍም አይሂዱ፤ ብዙ ደግ መምህራን የሚሳሳቱት በዚያ በኩል ነው። ልጁን ነገ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ጠርተው ቢያስጨበጭቡለት ደግ የሠሩ ይመስልዎታል። እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ «የቲቸር ምክትል» የሚል ስም ወጥቶለት ጠመኔ ላይነካ ይችላል። የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት በመጣ ጊዜ የሆነውን ያስታውሳሉ፤ በራሱ ፈቃድ ለጓደኛው ሲያስረዳ የኖረ ልጅ ሪፖርት ጻፊ ሲደረግ ማስረዳቱን ተወው። የልጁ ነገር የሠራው ማንም ስላላዘዘው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ልጅ ዱቤን ከየት አወቀው? ምናልባት ቤተሰቡ ሱቅ አለው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ የዱቤ ደብተር ይጽፍ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ «እማዬ መጨረሻ ላይ ትከፍላለች ብላለች» ማለት የለመደ ልጅ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ከሆነ ተሞክሮ በሚቀርብበት አዳራሽ «ከቤቱ ኑሮ ተነሥቶ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያመልጥዎ ምስጋናው ልጁን ያዋርደዋል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመወሰንዎ በፊት እሱን ማነጋገር አለብዎ።

ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል አያስጠሩት፤ የተጠራ ልጅ ሁሉ ያጠፋ ይመስለዋል፣ ጓደኞቹም እንደዚያ ያስባሉ። ከትምህርት በኋላ ግቢ ውስጥ አብረውት ጥቂት ይራመዱ። ንግግሩን ማስዋብ አያስፈልግም። «ባለፈው ለልጆቹ ስታስረዳቸው በመስኮት ሰማሁህ። ስለ ዱቤው የነገርካቸውን እኔም ተማርኩበት፤ ከአንተ ወስጄ ክፍል ውስጥ ብጠቀምበት ቅር ይልሃል?» ቢሉት ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡት። ሊያፍር ይችላል፣ መሬት መሬት ሊያይ ይችላል፣ «ኧረ ቲቸር፣ ዝም ብዬ ነው» ሊል ይችላል። አያስጨንቁት። በሌላ ቀን ይጠይቁት፤ በእረፍት ሰዓት ማስረዳቱን ይወደዋል ወይስ እምቢ ማለት አቅቶት ነው? ምሳውን በልቶ ነው የሚቆመው? ስሙ ቢነሣ ደስ ይለዋል? «አይ» ካለ አይ ነው።

የሚሰጡትም ነገር አለዎት። እንግሊዝኛው ደካማ ነው ብለውኛል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ይጠብቀዋል፤ ዱቤን የሚያውቀው ልጅ «ሰብትራክት» እና «ኦፖዚት» የሚሉት ቃላት ጥያቄው ውስጥ ሲገጥሙት ሊደናገር ነው። በሳምንት አንድ ቀን እሱና ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ያስረዱትን በአማርኛ እንዲነግሩዎ፣ እርስዎ ደግሞ ያንኑ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠየቅ እንዲያሳዩዋቸው ቢያደርጉ፣ የእሱን ያህል የሚጠቀም አይኖርም። ስሕተት ሲያስረዳም እዚያው ይሰማሉና የባልደረባዎ ስጋት በዚሁ መልስ ያገኛል።

ለቀሪው ክፍል አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ገባችሁ?» የሚለውን ይተዉት። ከአርባው ደቂቃ የመጨረሻዎቹን አምስት ያስቀሩና በአንድ ቀን አንድ መደዳ ብቻ፣ ያልገባውን ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ ያለ ስም በፈለገው ቋንቋ ጽፎ ይስጥዎ። የስድሳ ልጅ ወረቀት አንብበው አይጨርሱትም፤ የአንድ መደዳ ግን ከሻይ ጋር ያልቃል። መጀመሪያ ላይ «ሁሉም ገብቶኛል» የሚል ይበዛል። ታግሠው ይቀጥሉበት።

አሁን ወደ ጭብጨባው። እውነቱን መናገር እንዳለብዎ እርስዎም ያውቃሉ፤ ያን ለማወቅ ለእኔ ባልጻፉ ነበር። ያስቸገረዎ ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። መጀመሪያ ልጁ፣ ቀጥሎ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ አዳራሹ መጨረሻ ላይ። በዚህ ሳምንት ምክትሉን ብቻቸውን ያግኟቸው። ረጅም ንስሐ አያስፈልግም። «በስብሰባው ላይ ሲያመሰግኑኝ መናገር ነበረብኝ፤ ደንግጬ ዝም አልኩ። ውጤቱ የተሻሻለው አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ በአማርኛ ስላስረዳቸው ነው። ተሞክሮውን ማቅረብ የምፈልገው ይህንኑ ነው» ይበሉ። ፊታቸው ሊጠቁር ይችላል፤ ስምዎን ለጉድኝት ማዕከሉ አስተላልፈዋልና። ግን በሦስት ሳምንት መጀመሪያ ላይ የተነገረ ነገርና በአዳራሹ ዋዜማ የተነገረ ነገር አንድ አይደለም፤ ለዚያ ነው አይዘግዩ የምለው።

የተሞክሮ ወረቀቶችን ብዙ ሰምተዋል። «አሳታፊ የማስተማር ዘዴን በመጠቀም የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል ተችሏል» ተብሎ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። እንዴት እንደተቻለ ማንም አይጠይቅም። የእርስዎ ግን ሌላ መምህር ይዞት ሊሄድ የሚችል ነገር አለው። የመጀመሪያውን ፈተና ውጤት ሳይደብቁ ያሳዩ፤ ልጆቹ ለምን እንዳልጠየቁዎ ይናገሩ፤ የዱቤውን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ይሥሩት፤ ከዚያ ዱቤው የት ላይ እንደሚያቆምና እርስዎ ከዚያ እንዴት እንደቀጠሉ ያሳዩ። ልጁ ስሙ እንዲነሣ ካልፈለገ «አንድ ተማሪዬ» ማለት ይበቃል። እሱ ራሱ መጥቶ እንዲያቀርብ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ልጁ ፈልጎ ካልጠየቀና ወላጆቹ ካልፈቀዱ በስተቀር እንቢ ይበሉ። ባለሙያና ሱፐርቫይዘር በተሞላ አዳራሽ ፊት መቆም ለእርስዎም ቀላል አይደለም።

የቀረኝ አንድ ስጋት አለ። ምክትሉ «እባክህ ልጁን ተወውና የራስህ አድርገህ አቅርበው፤ ምን ልዩነት አለው?» ሊሉዎ ይችላሉ። በክፋት አይሆንም፤ ለትምህርት ቤቱ ስም ብለው ነው። ያን ጊዜ አይከራከሩ። ወረቀቱን የልጁን ድርሻ ይዞ እንደተጻፈ እንደሚያነቡት፣ ያ የማይሆን ከሆነ ግን ተራውን ለሌላ መምህር በደስታ እንደሚለቁ በእርጋታ ይንገሯቸው። የማባዛቱን ትምህርት ግን ለማንም እንዳይለቁ፤ ውጤቱንም ይጻፉልኝ።